ሰዓቱ «አቃጠልሽ» የሚለኝን ካሎሪ መልሼ ልብላው ወይስ ልተወው?

ጠያቂ፦ ማለዳ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36፣ ቁመቴ 164 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቴ 80 ኪሎ ግራም ሲሆን ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያውል ነው። ክብደቴን ቀስ በቀስ ለመቀነስ ብዬ በስልኬ የጫንኩት የምግብ መመዝገቢያ መተግበሪያ በቀን 1500 ኪሎ ካሎሪ መድቦልኛል። በሳምንት አምስት ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ አደርጋለሁ። ግራ የገባኝ ከጉዞው በኋላ ያለው ነገር ነው። በእጄ ላይ ያለው ስማርት ሰዓት 400 ኪሎ ካሎሪ ገደማ እንዳቃጠልኩ ይነግረኛል፤ መተግበሪያውም ቁጥሩን ከሰዓቱ ተቀብሎ የዕለቱን ድርሻዬን ወደ 1900 ከፍ ያደርገዋል። የተጨመረልኝን ስበላው ሚዛኑ ከቦታው አይነቃነቅም። ሳልበላው ስቀር ደግሞ ማታ ላይ ረሃቡ ይበረታብኛል፤ ሰውነቴን እየጎዳሁት ይሆን የሚል ሥጋትም ይይዘኛል። አንዳንዱ ሰው «ክብደት የሚቀነሰው ማዕድ ላይ ነው፣ ስፖርቱ ምንም አያመጣም» ይለኛል፤ ሌላው «ዋናው መንቀሳቀስ ነው፣ ምግብ አትቁጠሪ» ይለኛል። ምግቡንና እንቅስቃሴውን አመዛዝኖ ለመሄድ ስሌቱ እንዴት ነው መሠራት ያለበት?

መልስ፦ ስሌት ወዳድ

እህቴ፣ ለመልሱ የሚያስፈልጉትን ቁጥሮች ራስዎ ስለሰጡን እስቲ በእነሱ ላይ እንሂድ። ሰውነት ምንም ሳይሠራ ተኝቶ እንኳ ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለጉበትና ለመሳሰሉት ሥራ የሚያወጣው ኃይል አለ። ይህን ለመገመት በብዛት የሚያገለግለው በ1990 የታተመው የሚፍሊንና ሴንት ጆር ቀመር ነው። ለሴት ሲሰላ ክብደት በ10፣ ቁመት በ6.25 ተባዝተው ይደመራሉ፤ ከድምሩ ላይ በ5 የተባዛ ዕድሜና 161 ይቀነሳሉ። በእርስዎ ልኬት 800 እና 1025 ተደምረው፣ 180 እና 161 ሲቀነሱ 1484 ኪሎ ካሎሪ ይቀራል። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ይህ በ1.2 ስለሚባዛ፣ ያለ ስፖርት የቀን ወጪዎ 1780 ገደማ ይሆናል።

ወደ ጉዞው ስንመጣ፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራመድ ሰው በዕረፍት ላይ ከሚያወጣው ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ኃይል ያወጣል። በእርስዎ ክብደት ይህ በሰዓት 280 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ግን 80 ያህሉ በዚያው ሰዓት ቁጭ ብለው ቢሆንም ይወጣ የነበረና በ1780ው ውስጥ አስቀድሞ የተቆጠረ ስለሆነ፣ ጉዞው በትክክል የጨመረልዎ 200 ነው። ሰዓትዎ የሚለው ግን የዚህን እጥፍ ነው፤ ይህም የእርስዎ ሰዓት ብቻ ችግር አይደለም። በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን ፈትነው፣ አብዛኞቹ የልብ ምትን በጥሩ ሁኔታ ሲለኩ የኃይል ወጪን በመገመት ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ 93 በመቶ እንደሚስት አሳይተዋል።

የልዩነቱ ክብደት የሚታየው በሳምንት ሲደመር ነው። ከ1780 ላይ 1500 ሲቀነስ የሚተርፈው 280 በሰባት ቀን 1960 ይሆናል፤ የአምስት ቀን ጉዞ 1000 ሲጨመርበት የሳምንቱ ጉድለት 2960 ይደርሳል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ ይህ በሳምንት 380 ግራም ገደማ ያስቀንሳል። ሰዓቱ የሰጠዎትን 400 አምስቱንም ቀን መልሰው ከበሉት ግን ከ2960 ላይ 2000 ወጥቶ የሚቀርዎ 960 ብቻ፣ በክብደት ሲታይ 125 ግራም ነው። የሰውነት ውኃ በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ሚዛኑ አልነቃነቅ ማለቱ አያስገርምም። በዚያ ላይ ዘይት በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ ስላለው አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ያህል ይይዛል፤ በየቀኑ አንድ ማንኪያ ሳይመዘገብ ቢያልፍ የሳምንቱ 840 ይሆንና ያንን 960 ሊጨርሰው ምንም አይቀረውም።

ስለዚህ እኔ የማደርገው መተግበሪያውን ከሰዓቱ ጋር የሚያገናኘውን ማስተካከያ መዝጋት ነው። በዚያው ወቅት በመተግበሪያው ውስጥ ያለውን «የእንቅስቃሴ ደረጃ» ይመልከቱት፤ «መጠነኛ እንቅስቃሴ» የሚል ተመርጦ ከሆነ ጉዞዎ እዚያ አንድ ጊዜ ተቆጥሯል፣ በሰዓቱ በኩል ደግሞ ሁለተኛ ይቆጠራል። ረሃቡ ከበረታብዎ የዕለቱን ድርሻ በጉዞ ቀንም በዕረፍት ቀንም ሳይለዩ 1600 ያድርጉት፤ እንዲያም ሆኖ የሳምንቱ ጉድለት 2260 ስለሚሆን ወደ 300 ግራም ይቀንሳሉ። ከዚያ በየጠዋቱ ተመዝነው የሳምንቱን አማካይ ብቻ ይመልከቱ። በወር አበባ ዑደት ውስጥ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ቀናት ስላሉ አንዱን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ከአራት ሳምንት በፊት ከነበረው ጋር ቢያነጻጽሩት ይሻላል። ቀመሩ መነሻ ግምት ብቻ ነው፤ የእርስዎን ትክክለኛ ወጪ የሚነግርዎ ይህ አማካይ ነው።

መልስ፦ ረጅም ርቀት

ስሌት ወዳድ የጻፉት ለጠያቂዋ ትክክል ነው፤ ነገር ግን «የስፖርቱን ካሎሪ መልሶ መብላት ስሕተት ነው» የሚል አጠቃላይ ሕግ ሆኖ እንዳይነበብ እፈራለሁ። ሩጫ በአንድ ኪሎ ሜትር ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት አንድ ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈጃል። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 650 ያወጣል ማለት ነው፤ ይህ ሰው 1500 በልቶ ቢውል ለቀረው የሰውነት ሥራ ሁሉ የሚተርፈው 850 ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጉድለት ሲደጋገም ሰውነት ለጊዜው «አላስፈላጊ» የሚላቸውን ሥራዎች መቀነስ ይጀምራል፤ በሴቶች ላይ የወር አበባ ሊዛባ ወይም ሊቆም፣ አጥንት ሊሳሳ፣ ጉዳት ቶሎ ቶሎ ሊደርስ ይችላል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 በዚሁ ጉዳይ ላይ የባለሙያዎች የጋራ መግለጫ ያወጣው አትሌቶች በብዛት ስለሚቸገሩበት ነው፤ ችግሩ ደግሞ ባለሜዳሊያን ብቻ መርጦ አይይዝም።

በመሆኑም መስመሩን የማሰምረው በድካሙ መጠን ነው። የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ከሆነ ምንም አይጨመርበት። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠንከር ያለ ሩጫ፣ ብስክሌት ወይም ዋና ከሆነ ግን ከግምቱ ግማሽ ያህሉን መመለስ አስተማማኝ ነው፤ ግማሽ የምለውም መሣሪያዎቹ አብዝተው የመገመት ጠባይ ስላላቸው ነው። ስለ ማታው ረሃብ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ብዙ ጊዜ የድርሻው መጠን ሳይሆን አከፋፈሉ ነው ችግሩ። ቁርስንና ምሳን አሳንሶ የተጓዘ ሰው ማታ ቢርበው ተፈጥሮ ነው። ከጉዞው በፊት ያለውን ምግብ ከፍ አድርገው የማታውን ዝቅ ቢያደርጉ ያው 1600 የተለየ ስሜት ይኖረዋል።

መልስ፦ የሥነ ምግብ አማካሪ

በዚህ ሙያ የምሠራ በመሆኔ ሁለቱ ያነሷቸውን ሳልደግም ለጠያቂዋ ሌላኛ ጥያቄ፣ ማለትም ማዕዱ ወይስ እንቅስቃሴው ለሚለው፣ መልስ ልስጥ። ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ስለሆነ ማወዳደሩ ራሱ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ጉድለቱን መፍጠር በምግብ በኩል ይቀልላል፤ ግማሽ ሰዓት ተራምዶ የሚገኘውን 100 ኪሎ ካሎሪ አንድ ማንኪያ ዘይት በመተው ማግኘት ይቻላልና። እንቅስቃሴ ሲጨመር ደግሞ ሰውነት በከፊል በሌላ በኩል ይቆጥባል፦ ሰው ሳይታወቀው በቀሪው ቀን አብዝቶ ይቀመጣል። በ2012 በእነ ኸርማን ፖንትዘር የታተመው ጥናት፣ በታንዛኒያ በአደንና በለቀማ የሚኖሩት ሐድዛዎች ቀኑን ሙሉ እየተንቀሳቀሱ፣ የሰውነታቸው መጠን ግምት ውስጥ ሲገባ አጠቃላይ የቀን ወጪያቸው ከምዕራባውያን ከተሜዎች ብዙ እንደማይለይ ማሳየቱ ብዙዎቻችንን ያስገረመን ለዚህ ነው። ለካሎሪ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ስፖርት የሚያስቆጨውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

እንቅስቃሴው የሚከፍለው በሌላ መንገድ ነው። በምግብ ቅነሳ ብቻ የሚጠፋ ክብደት ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፤ ይህን የሚገታው ጡንቻን በክብደት ወይም በራስ ሰውነት ማሠራት ከበቂ ፕሮቲን ጋር ነው። ክብደት በሚቀነስበት ጊዜ በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ጥሩ መጠን ሲሆን፣ ፕሮቲን ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚያጠግብ የማታውን ረሃብም ያስታግሣል። ሁለተኛው ጥቅም ከቀነሱ በኋላ የሚመጣ ነው። በአሜሪካ በ1994 የተጀመረውና ቢያንስ 13.6 ኪሎ ግራም ቀንሰው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያቆዩ ሰዎችን የሚከታተለው ብሔራዊ መዝገብ እንደሚያሳየው፣ አብዛኞቹ አዘውትረው የሚንቀሳቀሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያም በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። የእርስዎ ጉዞ 300 ደቂቃ ስለሆነ የመጀመሪያውን በሙሉ አሟልተዋል፤ የጎደለው ሁለተኛው ነው።

ስለ ምዝገባም አንድ ነገር አለ። በ1992 በታወቀ የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ «ትንሽ እየበላን አንቀንስም» ያሉ ሰዎች የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አብዝተው ሲገምቱ ተገኝተዋል። ይህ እነሱን ዋሾ አያሰኛቸውም፤ መገመት ለማንም አስቸጋሪ ስለሆነ ለጥቂት ሳምንታት በወጥ ቤት ሚዛን መመዘን ዓይንን ያለማምዳል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ መመዘን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከምግብ ጋር የተጨነቀ ግንኙነት ለነበራቸው ሰዎች ቁጥር መቁጠሩን እኔ ራሴ አልመክርም።

ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳርን የሚያወርዱ አንዳንድ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ምግብ ቀንሶ እንቅስቃሴ ሲጨምር ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል የመድኃኒቱን መጠን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለበት። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች በዚህ ስሌት መሄድ የለባቸውም። ከ800 ኪሎ ካሎሪ በታች የሚወርድ ምግብ ያለ ሐኪም ክትትል የሚሞከር አይደለም፤ በፍጥነት መቀነስ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። እርስዎ ከ80 ኪሎ ግራም አራቱን ብቻ ቢቀንሱ፣ ማለትም 5 በመቶውን፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር ላይ መሻሻል የሚጠበቅበት መጠን ስለሆነ በሳምንት 300 ግራም የሚናቅ ፍጥነት አይደለም።

ጠያቂ፦ ማለዳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማስተካከያውን ዘግቼዋለሁ፤ «መጠነኛ እንቅስቃሴ» የሚለውም እንደተባለው ተመርጦ አግኝቼዋለሁ። በ1600 ልጀምርና በሳምንት ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ልጨምር አስቤአለሁ። ሁለት ነገሮች ብቻ ቀሩኝ። የጡንቻውን ሥራ ስጨምር ከጉዞው ልቀንስ? ደግሞስ ክብደቴ ሲወርድ ይህ 1600 እንዳለ ይቀጥላል?

መልስ፦ የሥነ ምግብ አማካሪ

ጊዜ ካጠረብዎ ሁለቱን የጉዞ ቀናት በግማሽ ሰዓት አሳጥረው ቀሪውን ለጡንቻ ሥራ ይስጡት፤ በካሎሪ የሚጎድልብዎ በሳምንት 200 ብቻ ስለሆነ ለዚህ ብለው ድርሻዎን አይንኩት። የጡንቻ ሥራውንም በካሎሪ ሒሳብ ውስጥ አያስገቡት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚዛኑ ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ የተሠራ ጡንቻ የሚያከማቸው ግላይኮጅን (ለኃይል የሚቀመጥ የስኳር ክምችት) እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ጡንቻው ሲጠገንም ፈሳሽ ስለሚይዝ ነው። በዚያ ጊዜ የወገብን ዙሪያ በሜትር መለካት ከሚዛኑ የተሻለ ይናገራል።

መልስ፦ ስሌት ወዳድ

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ክብደትዎ 72 ሲደርስ ቀመሩ 1404፣ በ1.2 ተባዝቶ 1685 ይሰጣል፤ የጉዞው ወጪም ከ200 ወደ 180 ይወርዳል። በዚያው 1600 ቢቀጥሉ የሳምንቱ ጉድለት ከ2260 ወደ 1500 ገደማ ይቀንሳል፤ ሰውነት ክብደት ሲቀንስ ቀመሩ ከሚለው በላይ ትንሽ ስለሚቆጥብ በተግባር ከዚህም ሊያንስ ይችላል። አራት ኪሎ ግራም በቀነሱ ቁጥር እንደገና ያስሉት፤ አማካዩ ለአራት ሳምንት ካልወረደ ደግሞ በመጀመሪያ ምዝገባውን ይፈትሹ፣ እሱ ትክክል ከሆነ ብቻ ከድርሻው ላይ 100 ይቀንሱ ወይም ጉዞውን በሳምንት ስድስት ቀን ያድርጉት።