እንጉርጉሮ፦ ዘፈን ነው ወይስ አቤቱታ?

ሸክላ፦
ሰላም ለቤቱ። ስለ ኦሮምኛ ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ የተጻፈ አጠር ያለ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «የተቃውሞ ዘፈን» የምትለዋ ላይ ስደርስ አልዋጥ አለችኝ። ተቃውሞ የስብሰባ ቃል ነው፤ «ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ» እየተባለ እጅ የሚቆጠርበት። «የትግል ዘፈን» ልል አሰብኩ፤ እሱ ደግሞ የድርጅት ሽታ አለው። «የብሶት ዘፈን» እንዳልል፣ ግንቦት 20 ቀን 1983 በሬዲዮ «ብሶት የወለደው» ከተባለ ወዲህ ብሶትም ባለቤት አግኝቷል። ኪነትማ ደርግ ቀበሌ አዳራሽ እንዳስገባው ቀረ። ድርጊቱ ግን የቆየ ነው፤ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» ይባል የነበረው በከንቱ አይደለም። ታዲያ የድሮ ሰው እንዲህ ያለውን ዜማ በምን ስም ይጠራው ነበር?

ብራና፦
ቃሉ እኮ አፍዎ ላይ ነው፦ እንጉርጉሮ።

ዛሬ እንጉርጉሮ ሲባል ክራር ይዞ በትካዜ ማዜም ብቻ ይመስለናል። ግሡን፣ «አንጎራጎረ»ን፣ ልብ ይበሉት፤ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ ለራስ በሚሰማ ድምፅ ማዜም ነው። ሁለተኛው ማማረር ነው፣ ያውም በበላይ ላይ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 15 ሕዝቡ ሁለቱንም ሲያደርግ ታገኙታላችሁ። ምዕራፉ ሲጀምር ባሕር የተሻገረው ሕዝብ ከሙሴ ጋር ይዘምራል፤ ማርያም ከበሮዋን አንስታ ሴቶቹ ይከተሏታል። ከዚያ ሦስት ቀን ውሃ አጥተው ማራ ይደርሳሉ፤ ውሃው መራራ ነው። ቁጥር 24 ላይ ያው ሕዝብ «ምን እንጠጣለን?» ብሎ በሙሴ ላይ አንጎራጎረ። ለድሉ «ዘመረ»፣ ለጥማቱ «አንጎራጎረ»። ተርጓሚዎቹ «አጉረመረመ»ንም መጠቀም ይችሉ ነበር። ማጉረምረም ግን ዜማ የለውም፤ አንበሳም ደመናም ያጉረመርማል። የሚያንጎራጉር ሰው ብቻ ነው።

አፈጣጠሩም ያግዘናል። ሥሩ የተደገመ ነው፣ ከፊቱ አን- ገብቶበት። አንሾካሾከም ወንድሙ ነው። ሁለቱም ከአፍ የሚወጣ፣ ግን ለአደባባይ ያልሆነ ድምፅ ናቸው። የእንጉርጉሮ ጉልበት እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ሰሚ አለው፣ ተናጋሪው ግን ለማንም አልተናገርኩም ማለት ይችላል።

ድርና ማግ፦
ጋሽ ብራና፣ የመጨረሻዋን ነገር ወፍጮ ቤት ድረስ ልውሰድልዎት፤ የሞተሩን ሳይሆን የድንጋዩን። እናቶቻችን ሲፈጩ የሚሉትን «ዘፈን» ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ እንጉርጉሮ ነው። ዘፈን የሠርግ ነው፣ አውራጅ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ጭብጨባ አለው። ወፍጮ ላይ ተቀባዩ መጁ ነው። ሴትዮዋ የባሏን ክፋት፣ የአማቷን ምላስ፣ ያለ ዕድሜ መዳሯን እያነሳች ትፈጫለች። አማት በጓዳው በር ብታልፍ ለማን እንደተባለ አይጠፋትም። ግን ምን ብላ ትጣላ? «ለድንጋዩ ነው የነገርኩት» ልትባል ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል፣ ክስ ግን የለም። ስለ ንግግር ነፃነት ሲወራ እኔ መጀመሪያ የማስበው ይህን ነው፤ ፊት ለፊት የመናገር ነፃነት ያልነበራት ሴት ያበጀችውን ቀዳዳ።

ጎራዴ፦
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ እንጉርጉሮን ሃጫሉ ላይ ግን አትለጥፉብኝ። ልጁ በ17 ዓመቱ ታስሮ አምቦ እስር ቤት 5 ዓመት ያህል የተቀመጠ፣ የመጀመሪያ አልበሙን ዘፈኖች አብዛኞቹን እዚያው የደረሰ ሰው ነው። ለድንጋይ የሚያጉተመትም አይደለም። ኦሮምኛም ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ ጌረርሳ። አዳኝና ጀግና ጀብዱውን የሚያወሳበት፣ ኋላም እስረኛና የተገፋ ሰው የወረሰው ነው፤ ደረት ተነፍቶ ነው የሚባለው። ሸክላ፣ በስሙ ጻፈው። የአማርኛ አንባቢ ጌረርሳን ቢማር ምን ይጎዳል?

በአማርኛም ቢሆን ሁሉም ተቃውሞ እንጉርጉሮ አይደለም። ተማሪው በንጉሡ ጊዜ «ፋኖ ተሰማራ፣ ፋኖ ተሰማራ፣ እንደ ሆ ቺ ሚን፣ እንደ ቼ ጉቬራ» ሲል አላንጎራጎረም፤ ፎከረ። አዝማሪም ቢሆን የትካዜ ሰው ብቻ አልነበረም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር አስይዞ እንዲረሸኑ ሲያዝ የፈራው ሙሾአቸውን አይደለም። የጣሊያን ዘመን ሊያበቃ ነው እያሉ ወሬ ያዞራሉ ብሎ ነው። የዘመኑ ጋዜጣና ሬዲዮ እነሱ ነበሩ። ስለዚህ ለእኔ ሁለት ስም ያስፈልገናል፣ ቀረርቶና እንጉርጉሮ። አንዱ ያስነሳል፣ አንዱ ያስታምማል።

ሸክላ፦
ጌረርሳን ተቀብያለሁ፣ በስሙ ይገባል። ግን የሚያስቸግረኝ ራሱ ዘፈኑ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሃጫሉ «ማላን ጂራ» ላይ ላዩን የተለያዩ ፍቅረኛሞች ነገር ነው፤ ውስጡ ከአዲስ አበባ ዙሪያ መሬቱ ላይ ስለተነቀለ ሰው። ርዕሱን ቃል በቃል ብወስደው «ምን አለሁ» ነው፤ «ምኑን ኖርኩት» ብለው ለአማርኛ ጆሮ የሚቀርብ ይመስለኛል። «ምኑን ኖርኩት» ደግሞ፣ ጎራዴ፣ ከወፍጮ ላይ የተነሳ አባባል ነው። በዚያ ዜማ ግን የኦሮሞ ወጣት የተቃውሞ ሰልፍ ሲታወስ ይኖራል። በየትኛው ሣጥን ላስቀምጠው? ሌላም ልጠይቅ፦ እንዲህ ያለውን የፍቅር ልብስ «ሰምና ወርቅ» እለዋለሁ ወይስ «ውስጠ ወይራ»?

ብራና፦
ሣጥኑን ይተዉት፤ ሁለቱንም የያዘ ዘፈን ነው የሚቆየው። ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ጥሩ ነው፣ ሰው ሁሉ «ሰምና ወርቅ» እያለ ያልፈዋልና።

ሰምና ወርቅ የሚያድረው ኅብር ላይ ነው፤ ኅብር አንድ ቃል ሁለት ሲፈታ ነው። ጣትዎን ቃሉ ላይ አድርገው «ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ነው» ማለት ይችላሉ። ውስጠ ወይራ እንዲህ አይገኝም። ስሙ እንደሚለው ዱላው ላዩን ሌላ እንጨት ነው፣ መምቻው ወይራ። ቃላቱ ሁሉ አንድ አንድ ፍች ብቻ አላቸው፣ ፍቅረኛዋም ፍቅረኛ ናት። ሌላውን የሚያመጣው ሰሚው የሚያውቀው ነገር ነው። ግጥም ከመዘፈኑ በፊት ለሳንሱር በሚቀርብበት ዘመን ይህ ልዩነት የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ሳንሱር ኅብሩን በቀይ ሊያከብበው ይችላል። ውስጠ ወይራ ላይ ግን ምኑን ያክብብ? የሰሚውን ጆሮ? «ማላን ጂራ» ከዚህ ወገን ነው እላለሁ።

አግቦ ከሁለቱም ይለያል። አግቦ ሰውዬው እዚያው ተቀምጦ ሲባል ነው፤ ካልገባው ከሸፈ። አዝማሪ ግብር ላይ ጌታውን እያሞገሰ የሚሸነቁጠው አግቦ ነው። ውስጠ ወይራ ለጌታው ባይገባው ይሻላል።

የቴዲ አፍሮን «ያስተሰርያል» ከዚህ አትጨምሩብኝ። እሱ ወይራውን አልደበቀም። ርዕሱ ብቻ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው፤ ሰረየ፣ ይቅር አለ፤ ሥርየትም ከዚያ ነው። በ1997 ምርጫ ሰሞን ይቅርታ የሚለውን ቃል በካህን ልሳን መጥራቱ ራሱ ነገር ነበር።

ጎራዴ፦
ስለ ሳንሱር ከተነሳ አንድ ቃል ልጨምር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ሳንሱርን «ቅድሚያ ምርመራ» ብሎ በአማርኛ ሰይሞ በማንኛውም መልኩ ይከለክላል፤ ሥነ ጥበብንም በስም ይጠራል። የቃሉ አበጃጀት ግሩም ነው። ጉድለቱ «ቅድሚያ» የምትለዋ ነች። በ2009 ዓ.ም. የቴዲ «ኢትዮጵያ» አልበም ያለ ችግር ተሸጠ፤ ምርቃቱን ግን ፖሊስ አስቆመ። ግጥሙን ማንም ቀድሞ አልመረመረም፣ ሰው ተሰብስቦ እንዳይሰማው ነው የተደረገው። ለዚህ ምን እንበለው? ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ ሲገደል በማግስቱ ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ለዚያም ያለን ስም «ተዘጋ» ብቻ ነው።

ድርና ማግ፦
«ደጅ መዝጋት» ይበቃው ይሆን? ለሁለቱም ይሆናል።

ሸክላ፣ ልትልከው ከሆነ አጻጻፉንም አስተካክል፤ ረቂቅህ ውስጥ አንዱ መስመር ላይ «እንጎርጎሮ» ብለሃል። የቆየው መጽሐፍ ቅዱስ «አንጐራጐሩ» ብሎ በ«ጐ» ነው የሚጽፈው። ወደ ስም ስትወስደው አናባቢው ሲወድቅ የከንፈሩ መክበብ ብቻ ይቀራል፣ እሱ ነው «ጉ» ሆኖ የሚሰማው፦ እንጉርጉሮ። ግሡን በ«ጎ» ብትጽፈው ግን ዛሬ የሚቆጣህ የለም፣ ምናልባት ከጋሽ ብራና በቀር።

ብራና፦
እኔም ራሴ ከላይ በ«ጎ» ጽፌአለሁ፤ የስልኬ ፊደል ነው።