የውሃ ታንከራችን ስንት ሊትር ይይዛል? ሒሳቤና ጀሪካኑ አልተስማሙም

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በያጅ የሠራልን፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ክብ የብረት ታንከር አለን። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር 1.10 ሜትር፣ ቁመቱ 1.30 ሜትር ነው። የተማርኩትን አስታውሼ 3.14 × 1.10 × 1.10 × 1.30 ብዬ ሳባዛ 4.939 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 4,939 ሊትር አገኘሁ። ባለፈው እሑድ ግን ከጎረቤት ጉድጓድ እየቀዳን በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስንሞላው 60ኛው ላይ ሞላ፤ የዚያም ግማሹ በላይኛው ማፍሰሻ ወጣ። 5,000 ሊትር በቦቴ ላዝዝ ነበርና ደነገጥኩ። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?

የሒሳብ መምህር
እኅቴ፣ ብዜትሽ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ያስገባሽው ልኬት ላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር ያለው ዲያሜትር ነው። ቀመሩ የሚፈልገው የዚያን ግማሽ፣ ሬዲየሱን ነው፤ ያም 0.55 ሜትር ይሆናል።
0.55 × 0.55 = 0.3025
0.3025 × 3.14 = 0.95 ገደማ፤ ይህ የወለሉ ስፋት ነው
0.95 × 1.30 = 1.235 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1,235 ሊትር
የተደራረበ እንጀራ አስቢ። የአንዱን እንጀራ ስፋት ካወቅሽ የሚቀርሽ በቁመቱ ማባዛት ብቻ ነው፤ ሲሊንደርም እንደዚያው ነው። በሬዲየሱ ፋንታ ዲያሜትሩን በራሱ ስታባዢ እጥፉን ሁለት ጊዜ አስገባሽ ማለት ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ አራት እጥፍ ሆነ። 4,939ን ለ4 አካፍለሽ እዪው። ተማሪዎቼም አብዝተው የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው።

ጠያቂዋ
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቦቴውን ሳላዝዝ መጠየቄ በጀኝ። ነገር ግን 59 ጀሪካን ተኩል 1,190 ሊትር ነው። የቀረው 45 ሊትር የት ገባ?

በያጅ
ማፍሰሻው ከላይኛው ጠርዝ ስንት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሏል? በዚህ ታንከር አንድ ሴንቲሜትር ቁመት 9.5 ሊትር ይይዛል። ከማፍሰሻው በላይ ያለው ቦታ ውሃ አይገባበትም። የመቅጃውንም ቧንቧ ለኪ፤ ከሱ በታች ያለው ውሃ አይወርድልሽም። እኛ ዝቃጭ እንዲቀርበት ብለን ከወለሉ ከፍ አድርገን ነው የምንበይደው።
ክዳኑ ተበይዶ ውስጡን መለካት ለማይችል ሰው ደግሞ፣ ዙሪያውን በሜትር ጠምጥሞ ለ3.14 ቢያካፍለው ዲያሜትሩን ያገኛል። የብረቱ ውፍረት ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ ብዙ አያሳስትም። የኮንክሪት ገንዳ ከሆነ ግን የግድግዳው ውፍረት ከሁለቱም ወገን መቀነስ አለበት።

ሌላ አባል
የእኛ በጎኑ የተኛ ነው። ሒሳቡ ይለወጣል?

የሒሳብ መምህር
ሲሞላ የሚይዘው አይለወጥም፤ በቁመቱ ፋንታ ርዝመቱን ያስገቡ። ጎዶሎ ሲሆን ግን ይለያል። ልክ መሐሉ ላይ ሲደርስ ግማሽ ነው፤ ከዚያ ውጭ ግን አንድ ሴንቲሜትር ከታችና ከላይ ጥቂት፣ መሐል ላይ ብዙ ሊትር ይይዛል። ከቀመሩ ይልቅ አንድ ጊዜ በጀሪካን እየሞሉ በትር ላይ ምልክት ማድረጉ ይቀልልዎታል።

ጠያቂዋ
ለካሁት። ማፍሰሻው 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሏል፤ 5 × 9.5 = 47.5 ሊትር፣ የጠፋው ውሃ ተገኘ! መቅጃው ከወለሉ 8 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ በእርግጥ የምንቀዳው 117 × 9.5፣ ወደ 1,110 ሊትር ነው። በትሩን እኔም አዘጋጀሁ፤ በየ10.5 ሴንቲሜትሩ ምልክት አደረግኩበት፣ በሁለት ምልክቶች መካከል ያለው 100 ሊትር ያህል ነው። ዛሬ ጠዋት ስነክረው 42 ሴንቲሜትር ድረስ ረጠበ። ከመቅጃው በላይ ያለው 34 ስለሆነ 323 ሊትር፣ ማለትም 16 ጀሪካን አለን። ለእናቴ ልብስ ማጠቡን ፈረቃችን እስኪደርስ እንድታቆየው ነግሬያታለሁ።