ያለ እቅድ ልስል ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፤ እስቲ ምከሩኝ

ጥያቄ፦ «የቁጥር ሰው»

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው የምኖረው። ኢንቱይቲቭ ፔይንቲንግ የሚሉትን፣ ያለ ንድፍና ያለ ሞዴል እጅ ወደመራው እየሄዱ መሳልን፣ ጓደኛዬ አሳየችኝና ልቤን ወሰደው። ሥዕል ተምሬ አላውቅም። መሸጥም ሆነ ኤግዚቢሽን ማሳየት አላሰብኩም። ቀኑን ሙሉ ከኤክሴል ጋር ተፋጥጬ ስለምውል ማታ ማታ ለራሴ የምትሆን ነገር ነው የፈለግኩት።

ግን አልሆነልኝም። ነጭ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ድርቅ እላለሁ። እንደምንም ከጀመርኩ ደግሞ መጀመሪያ ደስ ይልና መሃል ላይ ቀለሙ ሁሉ ተደባልቆ ጭቃ ይሆንብኛል። በዚያ ላይ ባለቤቴ፣ ክፋት የለውም፣ ከኋላዬ ቆሞ «ምንድን ነው እሱ?» ይላል። እማዬ ደግሞ «ጥልፍ ብትይዢ እኮ ለትራስ ይሆንሽ ነበር» አለችኝ። አክሪሊክ የሚሉት በውሃ የሚቀጥነው ቀለምም ዋጋው አይቀመስም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ «ጡረተኛው መምህር»

ልጄ፣ ከጭቃው ልጀምር፤ እሱ በቀላሉ ይፈታል። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሦስቱም አንድ ላይ ከተገናኙ መጨረሻቸው ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። «እኔ ሁለት ብቻ ነው የቀላቀልኩት» ትይ ይሆናል። ነገር ግን ቀይ ላይ አረንጓዴ ስትጎትቺ፣ አረንጓዴው ውስጥ ቢጫና ሰማያዊ ስላሉ ሦስቱም ተገናኙ ማለት ነው። እርጥብ በእርጥብ ላይ ሲሆን ይብሳል።

ስለዚህ ለአንድ ምሽት ጎረቤት የሆኑ ቀለሞችን ብቻ አውጪ። ቢጫ፣ ብርቱካንና ቀይ። ወይም ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ። ነጭ ጨምሪበት። ሌላውን ቆልፈሽ አስቀምጪ። እነዚህ እንደፈለጉ ቢዘባረቁ ጭቃ አይሆኑም። የግድ ተቃራኒ ቀለም ካማረሽ የታችኛው ይድረቅ። በስሱ የተቀባ አክሪሊክ በበጋ አየር ብዙውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት በላይ አያስጠብቅም። ፖስተር ከለር ከሆነ ግን ተጠንቀቂ፤ ደርቆም ውሃ ሲነካው እንደገና ይነሳል። በእርጥብ ብሩሽ ደጋግመሽ ከሄድሽበት የታችኛውን ይዞ ይመጣል።

ውሃሽ ሁለት ዕቃ ይሁን። በአንዱ ታጥቢያለሽ፣ በሌላው ታለቀልቂያለሽ። ከዚያ ብሩሹን ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጊው። ቀለም ካስቀረ ገና አልታጠበም። የብዙ ሰው ጭቃ የሚመጣው ከዚህች ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከአስተማሪነት አመል ልጨምር። በጎን እርሳስ ያዢ። ጀበናውን፣ ጫማሽን፣ የልጅሽን ጆሮ ሳዪ። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታን ብዙ ሰው በአብስትራክት ሥዕሎቹ ነው የሚያውቀው፤ በጊዜው ያልተዋጠላቸውም ብዙ ነበሩ። ሰውየው ግን ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎን ሄዶ ደንበኛ ትምህርት ተምሮ ነው የመጣው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተምሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። አንድ ቅዳሜ ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ክፍት መሆኑን ቀድመሽ ደውለሽ አረጋግጪ።

መልስ፦ «ከፍራንክፈርት»

ጋሼ፣ ስለ ቀለሙ የጻፉትን ወድጄዋለሁ፤ እርሳሱ ላይ ግን አልስማማም። እህታችን ቀኑን ሙሉ ልክና ስህተት ያለው ሥራ ስትሠራ ነው የምትውለው። ማታ ደግሞ የጀበናው አንገት ተጣመመ አልተጣመመ ብላ እንድትጨነቅ አልፈልግም። ይቆይላት።

እኔ እዚህ ጀርመን መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው የምሠራው። በዚህ አገር «ማልኦርት» የሚባሉ የመሳያ ክፍሎች አሉ። ሐሳቡ የአርኖ ስተርን ነው። ካሰል ከተማ የተወለደ፣ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ ከወላጆቹ ጋር ፈረንሳይ የገባ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ፓሪስ አጠገብ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸው ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ተቀጠረና ልጆቹን ቀለም ሰጥቶ ማሳል ጀመረ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ሥራ አልወጣም። ትምህርት ቤት ያልደረሰባቸው ሰዎች እንዴት እንደሚስሉ ለማየት በየአገሩ ዞሯል፤ ኢትዮጵያም መጥቷል።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ በስፒል ይሰካል፤ ቆመሽ ነው የምትስዪው። መሃል ላይ 18 ቀለም የተደረደረበት ጠረጴዛ አለ። ሕፃኑም ሽማግሌውም እኩል ይስላል። ዋናው ደንብ፣ ስለ ማንም ሥዕል ማንም ምንም አይልም። «ምንድን ነው?» ብሎ ነገር የለም። «ሲያምር!» የሚባል ነገርም የለም።

ሁለተኛዋ ላይ ልቆይ፤ ሰው የማያስተውላት እሷ ስለሆነች። ባለቤትሽ ዛሬ «ያቺ ቢጫ ታምራለች» ቢልሽ፣ ነገ ሳታውቂው ቢጫውን የምታነሺው ለእሱ ብለሽ ነው። ሙገሳም እጅ ይጎትታል። ስለዚህ እራት ላይ፣ ብሩሽ ሳትይዢ፣ በፍቅር ንገሪው፦ «ስስል አትጠይቀኝ፣ አታድንቀኝም፤ ካሳየሁህ ያኔ እናወራለን።» ልጆችሽም መሳል ከፈለጉ ጎንሽ ወረቀት ስጪያቸው። ደንቡ ለእነሱም ይሥራ፤ አንቺም የእነሱን «ይሄ ቤት ነው?» አትበይ። እማዬን ግን ተያቸው። ደንብ ቢወጣም የእናት አፍ አይዘጋም።

አሁን ነጭ ወረቀት ፊት ስለ መድረቅሽ። «ምን ልሳል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መልስ የለውም። «የትኛው ቀለም?» በይ። ለዚህ እጅሽ ቶሎ ይመልሳል፤ ዓይንሽ ቀድሞ አንዱ ላይ አርፏልና። ከዚያ «የት ላይ?»፣ ቀጥሎ «በወፍራም ወይስ በቀጭን ብሩሽ?» እንዲህ እንዲህ እያልሽ ትሄጃለሽ። ነጩ ካስፈራሽ ደግሞ ቀድመሽ በስፖንጅ አንድ ፈዛዛ ቀለም ሙሉውን ቀቢው።

መሃል ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ በቀለም መደባለቅ ብቻ አይደለም። አንዲት ጥግ ላይ የሆነች ቆንጆ ነገር ትወጣለች። ወዲያው እሷን መጠበቅ ትጀምሪያለሽ። ቀሪው ወረቀት ሁሉ የእሷ ዘበኛ ሆኖ ይቀራል፤ እጅሽም ይፈራል። ያን ጊዜ ወይ ከእሷ ርቀሽ ሌላኛው ጠርዝ ላይ ሥሪ፣ ወይም ሌላ ወረቀት ከጎኑ በፕላስተር ቀጥለሽ ሥዕሉን ወደዚያ አስፊው። ማልኦርት ውስጥም ወረቀት ሲጠብ እንዲሁ ነው የሚደረገው።

መልስ፦ «እውነቱን እንነጋገር»

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ነገር የሀብታም ጨዋታ አይመስላችሁም? የዘይቱ ዋጋ የት በደረሰበት ሰዓት ቀለም ገዝቶ ወረቀት ላይ ማፍሰስ! ስሜትን ማዳመጥ ከተፈለገ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት አለ።

መልስ፦ «ከኩዌት»

ወንድሜ፣ እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ያለኝ አንድ እስክሪብቶና ማዳም የምትጥለው የጫማ ካርቶን ነው። ማታ ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ካርቶኑ ላይ መስመር እሠራለሁ። ከአንድ ጥግ እጀምርና እስክሪብቶውን ሳላነሳ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ቅጠል ይመስላል፣ አንዳንዴ ምንም አይመስልም። ከዚያ የተዘጉትን ቦታዎች በነጠብጣብ፣ በሰረዝ እሞላለሁ። እንቅልፌ እስኪመጣ። ሀብታም አይደለሁም።

እህቴ፣ ቀለም ካማረሽ እርድ በውሃ በጥብጪ፤ የቡና አተላም ደስ የሚል ቡናማ ይሰጣል። ግን እርድ ፀሐይ ሲያየው ቶሎ ይለቃል፤ መስኮት አጠገብ አትስቀዪው።

መልስ፦ «አቡጀዲ»

ስለ ዋጋው እኔ ልመልስ፤ ቤቴ ውስጥ የተገዛ ሸራ የለም።

ወረቀት፦ ስቴሽነሪ ሄደሽ ለሥልጠና የሚጠቀሙበትን ፍሊፕ ቻርት ጠይቂ። ትልቅ ነው፣ ከሥዕል ወረቀት ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም ማለት አይደለም። ስስ ስለሆነ ውሃ ስታበዢ ይጨማደዳል፤ ይጨማደድ። ርካሽ መሆኑ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ውድ ወረቀት ላይ ማንም ደፍሮ አይሳሳትም።

ሸራ ሲያምርሽ አቡጀዲ ግዢ። በጣውላ ፍሬም ላይ ወጥረሽ ከኋላ በሚስማር ምቺው። ማዕዘኖቹን መጨረሻ ላይ እጠፊ። ነጩን የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥነሽ አንዴ ቀቢው፤ ሲደርቅ ጠንከር ይላል። ከዚያ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ ያው የግድግዳውን፣ ሁለት ጊዜ ቀቢው። በመሃል በደንብ ይድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጊው። ልብ በይ፦ በውሃ የሚበጠበጠውን ነው ያልኩሽ። የበርና የመስኮቱን የዘይት ቀለም ከሥር አድርገሽ አክሪሊክ ብትደርቢበት አይዝም፣ ይላጣል።

ቀለም በትንንሽ ቱቦ አትግዢ፤ ቶሎ ያልቃል፣ ስታወጪውም እጅሽ ይሰስታል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ በትልቁ ይበቁሻል። የተረፈሽን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ከሥሩ እርጥብ ሶፍት አንጥፈሽ ካስቀመጥሽው በማግስቱም ይሠራል። ለውሃው ሃይላንድ ከወገቡ ቁረጪ። የታጠበበትን ውሃ ግን ማጠቢያው ውስጥ አትድፊው፤ የኮንዶሚኒየም ቱቦ እንዲሁም መከረኛ ነው። አሳድሪው፣ ዝቃጩ ሲወርድ ላይ ላዩን ድፊና ዝቃጩን በሶፍት ጠርገሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣዪው። በእጅሽ የምትቀቢ ከሆነ ደግሞ ጥፍርሽን በደንብ ሳትፈትጊ እንጀራ እንዳትቆርሺ።

መልስ፦ «የሌሊት ፈረቃ»

ከሜሪላንድ ነኝ፣ ነርስ ነኝ። ሁሉም ስለ ቀለሙ ተናገረ፤ እኔ ስለ ሰዓቱ ልበል። «ጊዜ ሳገኝ እስላለሁ» ካልሽ አትስዪም። እኔ ሁሉንም ነገር በአንድ ትሪ አስቀምጫለሁ፦ ወረቀት፣ ሁለት ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ሁለት ኩባያ። ከሥራ ስገባ፣ ሶፋው ላይ ሳልቀመጥ፣ ትሪውን አወጣለሁ። ሶፋው ላይ ከተቀመጥኩ አለቀ። አንድ ገጽ ትንሽ ነገር ቀብቼ እተኛለሁ። ሥዕሉን ሳልጨርስ ነው የማቆመው፤ በሚቀጥለው ቀን ከየት እንደምጀምር አውቀዋለሁ። ነጭ ወረቀትም አይገጥመኝም።

ሌላው፣ ዓይንም ምግብ ያስፈልገዋል። እኔ ሐሳብ ሲደርቅብኝ ዋሽንግተን ሄጄ የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም እገባለሁ፤ መግቢያው ነፃ ነው። የሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ሥራዎች ስብስቡ ውስጥ አሉ፤ ሁልጊዜ ግን ላይሰቀሉ ይችላሉ። እስክንድር እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እዚሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ ከዚያ በፊት ፓሪስ የኖረ ሰው ነው። ጋሼ እንዳሉት እሱም ተምሮ ነው። ግን እኔ ፊቱ ስቆም ትምህርቱን አላስብም፤ የቀለሙን መደራረብ ነው የማየው። አንዱ ፊት ቁሚ፣ በደንብ እስኪሰለችሽ ቆዪ። ከዚያ በኋላ ነው ማየት የሚጀመረው።

አንቺ ጋ ሙዚየም ባይመችሽ ጠዋት አትክልት ተራ የተከመረውን ቃሪያና ቀይ ሥር እዪ። ሁለት ቀለም ብቻ መርጠሽ ወደ ቤት ይዘሽ ግቢ።

ከጠያቂዋ፦ «የቁጥር ሰው»

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ፍሊፕ ቻርቱን ገዛሁ፣ ከቁም ሳጥኑ በር ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ቢጫ፣ ብርቱካንና ቀይ ብቻ አውጥቼ ሞከርኩ። አምሯል አልልም፤ ጭቃ ግን አልሆነም። ባለቤቴም እራት ላይ ነግሬው ቃሉን ጠብቋል፤ ጉሮሮውን ይጠራርጋል እንጂ አይጠይቅም። ጋሼ፣ እርሳሱን አልረሳሁትም፤ ለክረምት ይሁን። የኩዌቷ እህቴ፣ ካርቶኖችሽን አትጣያቸው።

አንድ ችግር ብቻ መጣ። ትንሹ ልጄ ጎኔ ሲስል የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙ እጅጌ ላይ ቀይ አክሪሊክ ደፋ። ደርቋል። ይለቃል?

መልስ፦ «አቡጀዲ»

እርጥብ እያለ ቢሆን ቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ይበቃው ነበር። ከደረቀ ፕላስቲክ ነው። መጀመሪያ በጥፍርሽ ወይም በማንኪያ ጀርባ ላይ ላዩን ፋቂው። ከፋርማሲ የሚገዛውን አልኮል በጥጥ አድርገሽ ከጨርቁ የውስጥ በኩል እየነካካሽ አለስልሺው፤ አትሺው፣ ይሰፋል። ጥጡን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። የዩኒፎርሙ ቀለም አብሮ እንዳይለቅ አስቀድመሽ የማይታይ ስፌት ላይ ሞክሪው። ከዚያ በልብስ ሳሙና እጠቢ። ቀዩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ካውያ እንዳታስነኪው፤ ጭራሽ ይጣበቃል። ለሚቀጥለው የአባቱን አሮጌ ሸሚዝ ገልብጠሽ፣ ቁልፉን ከኋላ አድርገሽ አልብሺው።