አሜሪካ ከዩኔስኮ ስትወጣ ጁገል ምን ይሆናል?

የኤረር በር ልጅ፦
ሰላም ሐረሮች። አስጎብኚ ነኝ። ትናንት አንዲት አሜሪካዊት እንግዳ አክስቴ ቤት ነደባው (መደቡ) ላይ አስቀምጬ ቡና እየጠጣን፣ «አገሬ ከዩኔስኮ ልትወጣ ነው፤ ከተማችሁ ከዓለም ቅርስ መዝገብ ይሰረዛል ማለት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጁገል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማችን) በ1998 ዓ.ም. ሲመዘገብ ልጅ ነበርኩ። እንግዳ የሚያመጣልን ያ ስም ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ሕግ ከድሬ፦
አብሽር ወንድሜ፣ አይሰረዝም። ዩኔስኮ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ነው። የዓለም ቅርስ መዝገብ ግን የቆመው በ1972 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በጸደቀ ስምምነት ላይ ነው። አሜሪካ በ2018 መጨረሻ ከድርጅቱ ወጣች፤ ከስምምነቱ ግን አልወጣችም። በ2023 ተመለሰች። አሁን ደግሞ በ2025 እወጣለሁ ብላ አስታወቀች፤ የሚጸናው በ2026 መጨረሻ ነው። ጁገልን ያስመዘገበችው ኢትዮጵያ ናት። የአሜሪካ መውጣት የእኛን ፊርማ አይነካም።

እናት ዓለም፦
ልጆቼ፣ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርት ነኝ። «ምንም አይመጣም» ብላችሁ አትለፉት። በ2011 (እኔም በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ፍልስጤም የዩኔስኮ አባል ስትሆን አሜሪካ መዋጮዋን አቆመች። ያኔ ከበጀቱ 22 በመቶው የእሷ ነበር። ደግሞ ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረውን የመንግሥታቱን ማኅበር አስታውሱ። እኛ የገባነው በ1923 ነው። ጃፓንና ጀርመን በ1933 ጥለው ወጡ። ጣሊያን የወጣችው በ1937 ነው፤ እኛን ከወረረች በኋላ! እዚሁ ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ንጉሥ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ጄኔቭ ላይ ለማኅበሩ አቤት ሲሉ የደረሰላቸው የለም። ትልልቆቹ ወንበር ጥለው ሲነሱ ሆዴ ይፈራል።

ግንበኛው፦
አቦ፣ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። እስካሁን ከመዝገቡ ሙሉ በሙሉ የወጡት ሦስት ናቸው። የኦማኑ የእንስሳት ጥብቅ ቦታ በፈረንጅ 2007፣ የጀርመኗ ድሬስደን በድልድይ ምክንያት በ2009፣ ሊቨርፑል በአዳዲስ ግንባታ በ2021። ሦስቱንም ያስወጣቸው እዚያው አገራቸው የተሠራው ሥራ ነው። ጁገል ውስጥ ግድግዳ እጠግናለሁ። የድንጋይና የጭቃ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ክረምቱ ሲያልፍ ልስኑ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። ስንቱን አይቻለሁ፣ ወላሂ።

የኤረር በር ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እናቴ፣ የጄኔቩን ነገር ለእንግዳዬም እነግራታለሁ። ግንበኛው፣ አምና የአክስቴን የጓሮ ግድግዳ በሲሚንቶ ለስነነዋል፤ ከታች ማበጥ ጀምሯል። ነገ ጠዋት መጥተህ ታይልኛለህ? ኤረር በር ላይ እጠብቅሃለሁ።