የማዕረግ ዕድገት ሐሳባችን፦ ሦስተኛውን አንቀጽ እንጨርስ

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ለአመራሩ ከምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ሁለቱ አንቀጾች አልቀዋል። አንደኛው፣ የዕድገት መስፈርቱ መምህሩ ሲቀጠር በጽሑፍ ይሰጠው ይላል። ሁለተኛው፣ ማመልከቻው ተቀባይነት ካላገኘ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽለት ይላል። ተቃውሞ ስላልመጣ ዘግቻቸዋለሁ። የቀረው ሦስተኛው ነው። አልጋ ዳር የሚሠራው የማስተማርና የሕክምና ሥራ እንዴት ይታይ? እዚህ ላይ ነው የቆምነው። ጻፉልኝ።

ረዳት ፕሮፌሰር፣ ሕፃናት ሕክምና
ባለፈው ዙር አመልክቼ ያልተሳካልኝ እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ በራውንድ፣ ማለትም ታካሚዎችን እየዞርን ስናይ፣ አስተምሬያለሁ። አንዱን ጠዋት ልንገራችሁ። አንዲት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም) ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሕፃን የአከርካሪ ፈሳሽ ልትወስድ ነው። እጇ ይንቀጠቀጣል። መርፌውን ልቀበላት እችል ነበር። አልተቀበልኳትም። ጣቴን ከጣቷ አጠገብ አድርጌ አጥንቱን አብረን ዳሰስን። «አይዞሽ፣ ቀስ በይ» አልኳት። ጥርት ያለ ጠብታ ሲወርድ ሁለታችንም ዝም አልን። ዛሬ እሷ ራሷ ሌሎችን ታሳያለች።

ፋይሌ ውስጥ ይህ ሁሉ አንድ መስመር ነው፦ «በክሊኒክ ትምህርት ተሳትፋለች።» የዕድገት ኮሚቴው የታተሙ ጽሑፎቼን ቆጠረ። አንድ ጎደለ። በቃ። በኮሚቴው አልፈርድም፤ ያላቀረብኩለትን ከየት ያምጣ? ግን ማስረጃሽን ሰብስቢ ያለኝ ሰውም አልነበረም።

ፕሮፌሰር፣ የውስጥ ደዌ
ዶክተር፣ ያልሽው ልብ ይነካል። እኔ ግን ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ከወዲያኛው ወገን የሚታየውን ልናገር። የሚያመለክተው ሁሉ «ጎበዝ አስተማሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ደብዳቤዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ምርምር የሚገንነው ለመቁጠር ስለሚቀል ነው። ስለዚህ «ለማስተማር ዋጋ ይሰጥ» ብለን ብቻ ከጻፍን ሰነዳችን መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በምን እንመዝነው? እሱን ንገሩኝ።

ረዳት ፕሮፌሰር፣ ቀዶ ሕክምና
እኔ በሰዓት ይቆጠር እላለሁ። ለዚህን ያህል ሰዓት ይህን ያህል ነጥብ። ግልጽ ነው፣ አያጨቃጭቅም።

ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ የሕክምና ትምህርት ክፍል
በሰዓት ከቆጠርን ብዙ የተናገረ ሰው ያልፋል፤ ተማሪው ይማር አይማር አይታወቅም። ፕሮፌሰር ላነሱት ጥያቄ ግን መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ኧርነስት ቦየር ምሁራዊ ሥራን በአራት ከፈሉት፦ አዲስ ዕውቀት ማግኘት፣ ዕውቀትን ማገናኘት፣ ሥራ ላይ ማዋልና ማስተማር። በ1997 ደግሞ ግላሲክና ባልደረቦቻቸው አራቱንም የሚመዝኑ ስድስት መስፈርቶች አወጡ። ግቡ ግልጽ ነው? በቂ ዝግጅት ተደርጓል? ዘዴው ይስማማል? ጉልህ ውጤት ተገኝቷል? ለሌሎች በሚገባ ቀርቧል? ሠሪው ሥራውን መለስ ብሎ ገምግሟል?

ከላይ የተጻፈውን የአከርካሪ ፈሳሽ ታሪክ በዚህ እንየው። ዶክተር የምትከተይውን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ብትጽፊው፣ ሬዚደንቶችሽ ከዚያ በፊትና በኋላ ስንት ሙከራ እንደፈጀባቸው ብትመዘግቢ፣ ሌላ ዲፓርትመንት ወስዶ ቢጠቀምበት፣ ያልሠራውን አይተሽ ብታስተካክዪ፣ ስድስቱም ተመልሰዋል። ኮሚቴው ልክ እንደ ጽሑፍ ሊያነበው ይችላል። አንድ ነገር ግን እንዳንደባልቅ። ጥሩ አድርጎ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ሌሎች አይተው የሚገመግሙትና የሚቀጥሉበት የማስተማር ሥራ መሥራት ሌላ ነው። ሁለቱም ይቆጠሩ፣ ግን በየፊናቸው። እዚህ ላይ ካምታታን የሚቃወመን ሰው ልክ ይሆናል።

ፕሮፌሰር፣ የውስጥ ደዌ
ይህን እቀበላለሁ። እንዲህ ያለ ፋይል ቢቀርብልኝ የምናገረው አላጣም ነበር።

ረዳት ፕሮፌሰር፣ ቀዶ ሕክምና
እሺ፣ የሰዓቱን ነገር ትቻለሁ። ሌላ ልጨምር። ሁለት ዓመት ታካሚ ሳሰባስብበት የቆየሁት የብዙ ሆስፒታሎች ጥናት ላይ ስሜ መሐል ላይ ነው። ኮሚቴ የሚያየው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስም ነው። ክሬዲት (CRediT) የሚባለው አሠራር የጸሐፊዎችን ድርሻ በ14 ይከፍላል፤ ሐሳብ ያመነጨ፣ መረጃ የሰበሰበ፣ የተነተነ፣ የጻፈ እያለ። አመልካቹ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ድርሻውን በሁለት መስመር ይጻፍ። አብረውት የሠሩት ይፈርሙለት።

ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፓቶሎጂ
ደግፌዋለሁ። ግን በዚህ ሰበብ ያልሠራ ሰው ስም እንዳይገባ። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት ሁኔታዎች አሉት፦ ለሥራው ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ኃላፊነት መውሰድ። አራቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ስለ አለቅነቱ ብቻ ስሙ የገባ ሰው አያሟላም። ይህን ደፍረን እንጻፈው፤ ጁኒየሮቻችን የሚጎዱት በዚህ ነው።

ሌላው ኢምፓክት ፋክተር ነው፤ አንድ ጆርናል ያወጣቸው ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር። ቁጥሩ የጆርናሉ ነው፣ የጽሑፉ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የምርምር ምዘና መግለጫም ለቅጥርና ለዕድገት መመዘኛ እንዳይሆን ይጠይቃል። የአንድን ሰው ጽሑፎች ብዛትና የተጠቀሱበትን ጊዜ አንድ ላይ የሚለካው ኤች ኢንዴክስም ቢሆን ብዙ ዓመት በሠራ ሰው ላይ መጨመሩ አይቀርም፤ ከዘርፍ ዘርፍም አይወዳደርም።

ሌክቸረር፣ ማደንዘዣ ሕክምና
ይቅርታ፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። አንቀጹ እስኪጸድቅ ምን ልሰብስብ?

ረዳት ፕሮፌሰር፣ ሕፃናት ሕክምና
ጥሩ ጠየቅክ። እኔ ዘግይቼ የተማርኩትን ልስጥህ። በወር አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያዝ። ያስተማርከውን ከነቀኑ ጻፍ። የተማሪዎችህን ግምገማ ቅጂ አስቀር፤ መጥፎውንም አትጣል፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደለወጥክ ያሳይልሃል። ያዘጋጀኸው የሕክምና መመሪያ ካለ፣ የትኛው ክፍል እንደሚጠቀምበት በደብዳቤ አስጽፍ። የምታማክራቸው ሬዚደንቶች የት እንደደረሱ ያዝ። የግብዣ ደብዳቤ እንዳይጠፋብህ። የውጭ ገምጋሚ ሲጠየቅ ደግሞ አብሮህ ያልጻፈ፣ ሥራህን ግን የሚያውቅ ሰው ነው የሚፈለገው። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጀንበር አይገኝም፤ ጉባኤ ላይ ሥራህን ስታቀርብ ነው የሚተዋወቅህ።

ሲቪህን ለሆነ ሲኒየር በዓመት አንዴ አሳይ። ከፈለግክ ለእኔም ላክልኝ።

አስተባባሪ
የእሷ መልስ ለሁሉም ጀማሪ እንዲደርስ አባሪ አድርጌዋለሁ። ሦስተኛው አንቀጽ በተባለው መሠረት ይኸውና፦

«የማስተማርና የሕክምና ሥራ ማስረጃ በስድስቱ መስፈርቶች ተመዝኖ ለዕድገት ሊታይ ይችላል። አመልካቹ በእያንዳንዱ የታተመ ጽሑፍ ላይ ያለውን ድርሻ ይገልጻል። የጆርናል ኢምፓክት ፋክተር መመዘኛ አይሆንም።»

ፕሮፌሰር፣ የውስጥ ደዌ
«ሊታይ ይችላል» የሚለው ይውጣ። እንዲህ የተጻፈ አንቀጽ ጠረጴዛችን ላይ መጥቶ አይቼዋለሁ። ፋይሉ ሲበዛና ሲመሽ መጀመሪያ የሚታለፈው እሱ ነው። «ይታያል» በሉት። ሥራውን በወጉ የሚያይ አንድ የሕክምና ትምህርት ባለሙያም ኮሚቴው ውስጥ ይግባ።

አስተባባሪ
«ይታያል» ብዬ አስተካክያለሁ፣ ባለሙያውም ገብቷል። እስከ ዓርብ አንብባችሁ ፈርሙ። ሰኞ አስገባዋለሁ።