አማርኛ ለሚናገር ቤት ኢመርሽን ቻርተር ይሆናል? (ዲሲ፣ ፕሪኬ 3)

የፔትዎርዝ እናት

ጤና ይስጥልኝ። ልጃችን በዚህ የትምህርት ቤት ምደባ ሎተሪ ለፕሪኬ 3 (ለሦስት ዓመት ልጆች ክፍል) ሊገባ ነው። ቤት ውስጥ የምንናገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛው ከመጫወቻ ሜዳ የለቀማት ትንሽ ነገር ናት። ባለቤቴ ቻይንኛ የሚያስተምረውን ቻርተር ትምህርት ቤት፣ ዩ ዪንግን፣ አንደኛ እናድርግ ይላል። እኔ ስፓኒሽ ይሻላል ባይ ነኝ። አማቴ ደግሞ «ሦስት ቋንቋ ተደራርቦበት አፉ ሳይፈታ ይቀራል» እያሉ እንቅልፍ ነስተውናል። ኢመርሽን (ትምህርቱን ራሱን በሌላ ቋንቋ መማር) ለየትኛው ልጅ ይሆናል፣ ለየትኛው አይሆንም? የቤት ሥራውን ማናችንም ማንበብ ካልቻልን ምን ይውጠናል? በእንግሊዝኛስ ወደ ኋላ አይቀርም? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱን።

ጥቁር ሰሌዳ

ከአማትሽ ስጋት ልጀምር። ልጅ ብዙ ቋንቋ ስለሰማ አፉ ሳይፈታ አይቀርም። በእያንዳንዱ ቋንቋ የሚያውቀው ቃል ለየብቻ ሲታይ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ «ውሃ»ን በአማርኛ ብቻ፣ ኳስን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጠራ ልጅ ግን ሁለት ቃል አለው። ደምራችሁ ቁጠሩለት። እውነተኛ የንግግር ችግር ከሆነ በአማርኛውም ይታያል። እንዲያ ካያችሁ ሎተሪውን አትጠብቁ፤ ኧርሊ ስቴጅስ የሚባለው የምርመራ ማዕከል ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር ያሉ የዲሲ ልጆችን በነፃ ይመረምራል። ቻርተር ከገባ በኋላ ግን ምርመራው የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ነው። በሁለቱም ቦታ ምርመራው በአማርኛ እንዲሆን ጠይቂ። ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ተፈትኖ «ዘገምተኛ» ሲባል ያሳዝናል።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ «ኢመርሽን» በሚል አንድ ስም የሚሸጠው ዕቃ ብዙ ነው። 90/10 የሚባለው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ዘጠኝ እጁን በስፓኒሽ ያስተምርና በየዓመቱ እንግሊዝኛውን ይጨምራል። 50/50 ግማሽ በግማሽ ነው። ዩ ዪንግ ለምሳሌ ከኪንደርጋርተን ጀምሮ አንድ ቀን ቻይንኛ፣ አንድ ቀን እንግሊዝኛ እያፈራረቀ ነው የሚያስተምረው። ለእናንተ ቤት ይህ ልዩነት ከቋንቋው ምርጫ ይበልጣል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት ያደገ ልጅ 90/10 ቢገባ ማታ ቤቱ ሲመለስ እንግሊዝኛው ይጠብቀዋል። የእናንተን ልጅ የሚጠብቀው አማርኛ ነው። ስለዚህ ኦፕን ሀውስ ስትሄዱ «እንግሊዝኛ ንባብ በየትኛው ክፍል ነው የሚጀመረው፣ በሳምንትስ ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ቁጥር ጠይቁ። «ልጆች እንደ ስፖንጅ ናቸው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ጥያቄው አልተመለሰም፤ ድገሙት።

ወደ ኋላ መቅረቱን በተመለከተ፦ እስከ 2ኛና 3ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ንባቡ ቢዘገይ አይገርምም፣ በተለይ በ90/10። ከዚያ ብዙ ጊዜ ይደርሳል፣ ያልፋልም። ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ከተማ ኢመርሽን በሎተሪ ስለሚሰጥ፣ ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ማወዳደር ተችሏል። ዕጣው የወጣላቸው ልጆች በእንግሊዝኛ ንባብ 5ኛ ክፍል ላይ በ7 ወር፣ 8ኛ ክፍል ላይ በ9 ወር የሚገመት ብልጫ ነበራቸው። ነገር ግን ከዚያው ጥናት አንድ ነገር ልብ በይ። ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው ልጆች ቶሎ ከእንግሊዝኛ ድጋፍ የወጡት በተለይ የክፍሉ ቋንቋ ከቤታቸው ቋንቋ ጋር አንድ ሲሆን ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጅ ስፓኒሽ ክፍል ሲገባ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ያን ጥቅም አያገኝም። ይህ «አትግቡ» ማለት አይደለም፤ ብሮሹሩ ላይ ያለው ተስፋ ሁሉ ለእናንተ አልተጻፈም ለማለት ነው።

2ኛ ክፍል ላይ ድንጋጤ ሲመጣ (ይመጣል) ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ልጁ በስፓኒሽ ደህና እያነበበ በእንግሊዝኛ ከዘገየ፣ ጊዜ ስጡት። በሁለቱም ፊደልና ድምፅ ማገናኘት ካቃተው፣ ችግሩ ከቋንቋው አይደለምና ልጁን ከማስወጣት በፊት ምርመራ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተጠየቀ ይረሳል። ፈቃዱን ከፈረማችሁ በኋላ ዲሲ ውስጥ ትምህርት ቤቱ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ይቅረብልን በሉ፤ ልጅን ወይም የልጅን ታላቅ እህት አስተርጓሚ አታድርጉ።

አንድ የሚደበቅ ነገርም አለ። ምዝገባ ላይ ስለ ቤት ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣችኋል። «እንግሊዝኛ ካልን ልጁ ይከበራል» ብሎ የሚዋሽ አይጠፋም። አማርኛ ከሆነ አማርኛ በሉ። የእንግሊዝኛ ድጋፍ የማግኘት መብቱ የሚጀምረው ከዚያች ቅጽ ነው፤ ከኪንደርጋርተን ጀምሮ በየዓመቱ አክሰስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እየወሰደ እድገቱን ታያላችሁ።

14ኛ ስትሪት

መምህሩ የትምህርቱን ነገር ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ሎተሪው ልናገር። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚያ ነው።

ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው የሎተሪው ድረ ገጽ ላይ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ታስገባላችሁ። ማመልከቻው በአማርኛም አለ። ለፕሪኬ 3 ልጁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 3 ዓመት መሙላት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር ይከፈትና ማርች መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። መጀመሪያ ቀን ያስገባም መጨረሻ ቀን ያስገባም ዕድላቸው እኩል ነው። ከተዘጋ በኋላ የመጣ ግን ከተጠባባቂው ዝርዝር ጅራት ነው የሚሰለፈው።

ቅደም ተከተሉን በብልጠት ለማድረግ አትሞክሩ። «ያኛው ስለሚከብድ ሁለተኛ ላድርገው» ማለት ምንም አይጠቅምም። ኮምፒውተሩ የሚሠራው የምትወዱትን በእውነት ከደረደራችሁ ነው። 4ኛው ከደረሳችሁ ከ5ኛ ጀምሮ ወደ ታች ካሉት በሙሉ ትወጣላችሁ፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ላሉት ግን ተጠባባቂ ሆናችሁ ትቆያላችሁ። ስለዚህ የማትልኩትን ትምህርት ቤት ቁጥር ለመሙላት ብላችሁ ከሌላው በላይ አታስቀምጡ።

ቻርተር በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ በራሱ ቦርድ የሚተዳደር ነፃ ትምህርት ቤት ነው። ለመግባት ፈተና የለውም፤ ክፍያ ያለው ለአፍተር ኬር (ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሚቆዩበት) ነው። ግን የሰፈር መብትም የለውም፣ ለሁሉም ልጅ ቢጫ አውቶቡስም የለውም። ይህን የመጨረሻውን በደንብ አስቡበት። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የምታመላልሱት እናንተ ናችሁ። ከመደርደራችሁ በፊት አንድ የሥራ ቀን ጠዋት 7፡30 ላይ (በፈረንጅ ሰዓት) ከቤት ተነስታችሁ በር ድረስ ሂዱና ከዚያ ወደ ሥራ ቦታችሁ ቀጥሉ። ካርታው 15 ደቂቃ ያለው ኖርዝ ካፒቶል ላይ ጠዋት ስንት እንደሚሆን ያኔ ታያላችሁ።

የአድራሻ ማስረጃውም ታክሲና ኡበር የሚሠራውን ሰው ያስጨንቃል። ተቀጣሪ ከሆናችሁ የዲሲ ግብር የተቆረጠበት፣ ከ45 ቀን ያላለፈ ፔይስተብ (የደመወዝ ወረቀት) ብቻውን ይበቃል። ፔይስተብ የሌለው ሰው በግብር ቢሮው የተረጋገጠ ዲ-40 (የዲሲ የገቢ ግብር ቅጽ) ማቅረብ ይችላል። ሜዲኬድ ወይም ፉድ ስታምፕ ካላችሁ የዚያ ደብዳቤም ያገለግላል። እነዚህ ከሌሉ ሁለት ወረቀት ታጣምራላችሁ፦ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ሬጂስትሬሽን፣ የኪራይ ውል ከክፍያ ማስረጃ ጋር፣ የመብራት ወይም የውሃ ቢል እሱም ከክፍያ ማስረጃ ጋር። ብዙ ሰው ቢሉን ይዞ ይሄድና የከፈለበትን ሳይዝ ይመለሳል። ስሙና አድራሻው በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ በአንዱ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም ካለ ቀድማችሁ አስተካክሉ።

የፔትዎርዝ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ልጁ በአማርኛ ደህና ነው፣ እንደውም አፈ ጮሌ ነው። ታዲያ ቻይንኛ ወይስ ስፓኒሽ? ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የመግዛት ሐሳብም አለን።

ፊደል ቆጣሪ

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ነበር መጀመሪያ መናገር! ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ከዲሲ ስትወጡ ቦታውን ታጣላችሁ፤ አድራሻ ደብቆ መቆየት ደግሞ ሲደረስበት የነዋሪ ላልሆነ ተማሪ የሚከፈለውን ያስከፍላል። የኢመርሽን ፍሬ የሚለቀመው 4ኛና 5ኛ ክፍል አካባቢ ነው። ፕሪኬ 3 ገብቶ ኪንደርጋርተን ላይ የሚወጣ ልጅ ጥቂት መዝሙርና እስከ ሃያ መቁጠር ይዞ ይወጣል፣ ያም በአንድ ክረምት ይረሳል። ስለዚህ እስከ 5ኛ ክፍል ዲሲ የመቆየት ሐሳብ ከሌላችሁ ኢመርሽንን እንደ ጥሩ መዋያ ብቻ ቁጠሩት፤ እንደዚያ ከሆነ ለቤታችሁ የሚቀርበውን ምረጡ።

ትቆያላችሁ ብለን እንነሳ። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ቋንቋ ሲማሩ ለቻይንኛ 2,200 ሰዓት፣ ለአማርኛና ለዕብራይስጥ 1,100 ሰዓት አካባቢ ይመደብላቸዋል፤ ስፓኒሽ ከአማርኛም በጣም ያነሰ ነው። ይህ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አዋቂ ሲማር ነው፣ ለልጅ በቀጥታ አይሠራም፤ የንባቡን ክብደት ግን ይጠቁማል። ቻይንኛ ንባብ በየማታው ልምምድ ይፈልጋል፣ የጭረቶቹ ቅደም ተከተል ሳይቀር። ቤት ውስጥ የሚያርመው ሰው ከሌለ አፍተር ኬሩ በቻይንኛ መሆኑን፣ የቤት ሥራው በድምፅ የተቀዳ ንባብ እንዳለው ጠይቁ። ከሌለው ሸክሙ ልጁ ላይ ነው የሚወድቀው።

ስፓኒሽ ለእኛ ልጅ ያልተጠበቀ በር ይከፍታል። ስፓኒሽ ማንበብ የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ ተብሎ ነው። ይህን ያየ የኔታ ፈገግ ይላል። ፊደል የቆጠረ ልጅ «አንድ ምልክት ሁልጊዜ አንድ ድምፅ» የሚለውን ነገር ይዞ ይገባል፤ ስፓኒሽም ለዚያ ሕግ ቅርብ ነው፣ እንግሊዝኛ ግን አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጓደኛው «ኒኞ» ለማለት ሲታገል «እኛ» ብሎ ያደገ ልጅ «ኝ»ን በነፃ አግኝቷታል።

ሰላ ስለሚባለው የዕብራይስጥ ቻርተርም አስቡበት። ቤት፣ ዓይን፣ ስም፣ ሰላም፤ ዘመዶቻችን ናቸው፣ ልጁ በጆሮው ይለያቸዋል። ችግሩ 6ኛ ክፍል ላይ ነው። ዲሲ ኢንተርናሽናል የሚባለው ቻርተር ከ6ኛ እስከ 12ኛ የሚያስቀጥለው ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ቻይንኛን ነው። ዩ ዪንግ፣ ስቶክስ፣ ላምብ፣ ሙንዶ ቬርዴና ዲሲ ባይሊንጉዋል ወደዚያ የሚያስተላልፉ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

አማርኛውን በተመለከተ፦ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ «ይለመድለት» ብላችሁ ቤት ውስጥ ወደ እንግሊዝኛ እንዳትዞሩ። ያኔ ነው አማርኛው የሚሄደው። ማታ 15 ደቂቃ አማርኛ መጽሐፍ አንብቡለት። 5 ዓመት ሲሞላው ፊደሉን በሳምንት ሁለት ቤት፣ «ሀ»ና «ለ» ከዚያ «ሐ»ና «መ» እያላችሁ አስቆጥሩት፤ 33ቱ ቤት አራት ወር ገደማ ይወስዳል።

ጥቁር ሰሌዳ

ኦፕን ሀውስ ላይ የምታዩትን ልጨምር። የፕሪኬ ክፍል አይታችሁ አትመለሱ፤ እሱ ሁሌም ያምራል። 4ኛ ክፍል አስገቡኝ በሉ። ግድግዳው ላይ ልጆቹ ራሳቸው በስፓኒሽ የጻፉት አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ ወይስ የተለጠፈው ከሱቅ የተገዛ ፖስተር ነው? መምህሩ ልጅ ሲያጠፋ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚቆጣው? እንግሊዝኛ ከሆነ ልጆቹ «ዋናው ነገር በእንግሊዝኛ ነው የሚነገረው» የሚለውን ቶሎ ይማራሉ። ምሳ ላይ እርስ በርሳቸው እንግሊዝኛ ማውራታቸው ግን የትም ያለ ነው፣ አያስደንግጣችሁ። ባለፈው ዓመት ስንት የስፓኒሽ መምህር እንደለቀቀም ጠይቁ። በጥቅምት መምህር ሄዶ ተተኪው ቋንቋውን የማይችል ከሆነ ዓመቱ ባከነ።

የፔትዎርዝ እናት

ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን፤ ቢያንስ እስከ 5ኛ ክፍል እንቆያለን ብለናል። አሁን ያሰብነው፦ 1ኛ ዲሲ ባይሊንጉዋል፣ 2ኛ ላምብ፣ 3ኛ ሙንዶ ቬርዴ፣ 4ኛ ዩ ዪንግ (ለባለቤቴ ሲባል)። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ፓወል ስለሆነ እሱን ሳናስገባ ብንተወው ችግር የለውም አይደል? የሰፈር ልጅ መብት አለው ሲባል ሰምተናል።

14ኛ ስትሪት

ችግር አለው። የሰፈር መብት የሚጀምረው ከኪንደርጋርተን ነው። ለፕሪኬ 3 እና ለፕሪኬ 4 የሰፈራችሁንም ትምህርት ቤት ሎተሪ ውስጥ ማስገባት አለባችሁ፤ የሰፈር ልጅ በመሆኑ ቅድሚያ ያገኛል እንጂ ዋስትና የለውም። ፓወል ደግሞ ራሱ የስፓኒሽና የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ነው፣ በእግራችሁም የምትደርሱበት። አድራሻችሁን አስገብታችሁ የሰፈራችሁ መሆኑን አረጋግጡና 4ኛ አድርጉት፣ ዩ ዪንግ 5ኛ ይሁን። ባለቤትሽ ቅር ካለው መጀመሪያ ጠዋት 7፡30 ላይ ዩ ዪንግ ወዳለበት ወደ ቴይለር ስትሪት ይንዳ።