ፍቅር እስከ መቃብር በሁለት ሰዓት ፊልም፦ ከማንኩሳ ልጀምር ወይስ ከፊታውራሪ ቤት?

የስክሪፕት ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። የፊልም ጽሑፍ እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ የተሰጠኝ ሥራ አንድ የታወቀ የፍቅር ልቦለድ መርጬ ለሁለት ሰዓት ፊልም የሚሆን የታሪክ ንድፍ ማዘጋጀት ነው። እኔም ሳላቅማማ «ፍቅር እስከ መቃብር» አልኩና ይኸው እንቅልፍ አጣሁ።

መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። የፊልም ጽሑፍ ደግሞ አንድ ገጽ ለአንድ ደቂቃ ተብሎ ስለሚታሰብ ያለኝ 120 ገጽ ብቻ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ገና ሳይተያዩ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የልጁን ወላጆች የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን የማንኩሳ ትዳር፣ የልጁን ስለት፣ የተማረበትን ዲማን፣ ቅኔውን ሁሉ ይተርካሉ። ይህን ሁሉ ካስገባሁ ልጅቷ ብቅ ስትል ተመልካቹ ፈንዲሻውን ጨርሷል። አማካሪዬ «በዛብህ ለአስተማሪነት የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሪ፣ ሌላውን በንግግር አስታውሺ» ይለኛል። እኔ ግን አልዋጥልሽ አለኝ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፦ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ትዕይንት መጨመር ነውር ነው? የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» እ.ኤ.አ. በ1995 በቢቢሲ ስድስት ክፍል ሆኖ ሲሠራ፣ ሚስተር ዳርሲ ኩሬ ውስጥ ዘሎ ገብቶ የረጠበ ሸሚዙን ለብሶ የሚወጣበት ቦታ አለ። ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያ ትዕይንት ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን የለም!

ሦስተኛው የባሰው ነው። አንድ ገጽ ባነበብኩ ቁጥር የሚሰማኝ መጽሐፉን በሬዲዮ የተረከው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ፊታውራሪ መሸሻን ላናግራቸው ስል የሚናገረው ወጋየሁ ይሆንብኛል። ምን ይሻለኛል?

(የቴሌቪዥኑን ተከታታይ ድራማ አሪፍ ነው፣ አሪፍ አይደለም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አታምጡብኝ።)

ዓባይ ማዶ
አንዳንድ መጽሐፍ ባይነካ ይሻላል። ሰብለን እኔ በልቤ ሥያታለሁ። ያንቺን ሰብለ ማየት አልፈልግም፣ ይቅርታ።

የልብስ ክፍል
ልጄ፣ «አትንኩት» የሚሉሽን አትስሚያቸው፤ መጀመሪያ ትኬት የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። በቲያትርና በፊልም አልባሳት ላይ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ፣ የጎጃም ልጅም ነኝ፣ ስለዚህ ጨዋታዬ ከጨርቅ ይነሣል።

ከስለቱ ጀምሪ። አማካሪሽን አክብሪው፣ በዚህ ግን አትታዘዢው። በዛብህ በልጅነቱ እናትና አባቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው። እንዳያገባ አስቀድሞ ተወስኖበታል። ተመልካቹ ይህን ሳያውቅ ፊታውራሪ ቤት ከገባ የሚያየው አንድ ድሃ ልጅ አንዲት የባላባት ልጅ መውደዱን ነው፤ እንዲህ ያለ ፊልም ደግሞ በየሳምንቱ ይወጣል። ስለቱን ካወቀ ግን ልጁ ገና ቀና ብሎ ሲያያት «ኧረ ተው!» ይላል። አባቷ ናቸው እንቅፋቱ ሲል ልጁ ራሱ ውስጥ ሌላ እንቅፋት አለ። ለዚህ ግማሽ ሰዓት አያስፈልግሽም። ስምንት ደቂቃ ይበቃል፦ የታመመ ሕፃን፣ የእናት ልመና፣ ከዚያ ትንሽ አደግ ብሎ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል። ደበሎውና አኮፋዳው ራሳቸው ይናገራሉ፣ «የቆሎ ተማሪ ነበር» የሚል ሰው መቅጠር የለብሽም።

ልብስ ካነሣሁ አይቀር፣ እባካችሁ ያንን የሚያብለጨልጭ የሰርግ ጥበብ ለሰብለ አታልብሷት። የዛሬው ክር ፋብሪካ የወጣ ነው፣ ካሜራ ፊት ያቃጥራል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሻካራነቱም ውፍረቱም ከሩቅ ይታያል፣ ሲታጠብም ወደ ክሬም ይሄዳል። ሹሩባው በትክክል ይሠራ። ንቅሳት ይኑራት። ሽፋሽፍት ተቀጥሎላት በዛብህን ልትፈልገው በመነኩሴ ልብስ የምትጠፋ ሰብለን ካየሁ እኔ ከአዳራሹ ወጥቼ እሄዳለሁ።

ቦታውም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ዛሬ ጎጃም ካሜራ ብትተክዪ ኮረብታው ሁሉ ባሕር ዛፍ፣ ጣራው ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነውና የድሮ መንደር ላይ ደን ሆኖ ሲታይ ውሸቱ ወዲያው ይጋለጣል። ስለዚህ ስትጽፊ ከሰፊ ሜዳ ይልቅ እልፍኝ፣ አዳራሽ፣ ደጀ ሰላም አብዢ። ድህነታችን በዚህ በኩል ይጠቅመናል፤ ታሪኩም ቢሆን የሚፈላው ቤት ውስጥ ነው።

ትዕይንት መጨመር ነውር አይደለም፤ ግን ከዚያ ቤት ሥርዓት ይውጣ። የእንግሊዙ ጌታ ኩሬ ገባ ብለሽ በዛብህን ዓባይ አትክተቺብኝ። ያንን ትምህርት ውሰጂ፦ መካከላቸው ዳዊት ተዘርግቷል፣ አንዲት ገረድ በር ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች፣ እሱ ቀና ማለት አይችልም፣ እሷ ደግሞ ሆን ብላ ትሳሳታለች። እንዝርቱ በቆመ ቁጥር ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ይህ መጽሐፉ ላይ በዚህ መልክ ባይኖርም አንባቢ «ይህማ የለም» ብሎ አይጣላሽም።

የሌሊት ታክሲ
ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። እኔ መጽሐፉን አንብቤ አላውቅም ብል ትስቁብኛላችሁ፤ የማውቀው በወጋየሁ ነው። መጀመሪያ በአገር ቤት ሬዲዮ፣ አሁን ደግሞ ሌሊት ስነዳ በስልኬ። ተሳፋሪ ሲገባ አጠፋዋለሁ፣ ሲወርድ እቀጥላለሁ።

ስለ ድምፁ ያልሽው ገብቶኛል። የኔ ሐሳብ፦ ተራኪ አታስገቢ። ማንም ይተርከው ማን ሰው «ወጋየሁ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። ወጋየሁ ብቻውን ፊታውራሪም፣ ወይዘሮ ጥሩ አይነትም፣ ጉዱ ካሳም ሆኖ ነበር። አንቺ ያን ሁሉ ተዋናይ ይዘሽ ከአንድ ሰው ጋር አትፎካከሪ። እሱ ያልነበረውን ተጠቀሚ፤ ሬዲዮ ዝምታ አይችልም። ሁለት ሰዎች ምንም ሳይሉ ቢተያዩ ሬዲዮ ላይ ጣቢያው የተቋረጠ ይመስላል። ፊልም ግን ይችለዋል።

የስክሪፕት ተማሪ
እትዬ፣ የእንዝርቷን ነገር ሰረቅኩዎት! ወንድሜ የሌሊት ታክሲ፣ የዝምታዋን ደግሞ ካንተ። ተራኪውን አሁኑኑ አወጣሁት።

አንድ ነገር ቀረኝ፦ ጉዱ ካሳ። ስለ ማኅበረሰቡ፣ ስለ ልማዱ፣ ስለ ሕጉ የሚናገረው ገጽ በገጽ ነው። አማካሪዬ «የፍቅር ፊልም ነው፣ እሱን ወደ አንድ ሁለት ትዕይንት አሳንሺው» ይላል። የባላገሩ አመፅም ይውጣ ይላል።

የልብስ ክፍል
ንግግሩን አሳንሺ፣ ሰውየውን ግን አታሳንሺ።

ጉዱ ካሳ የቤቱ ዘመድ ሆኖ ነው ቤቱን የሚነቅፈው። እብድ ይሉታል፤ እብድ ስለተባለም የፈለገውን ይናገራል። በዛብህ ሚስጥሩን ሊነግረው የሚችል ሌላ ሰው ማን አለው? እሱን ካወጣሽ ልጁ የልቡን ለማን ያዋየው፣ ለበቅሎው? አንድ ገጽ የሚሞላውን ንግግር ቆራርጠሽ ግብር ላይ አስቀምጪው። ሰው ሁሉ እየጎረሰ፣ ፊታውራሪ ከፍ ብለው ተቀምጠው፣ እሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርጋል። አዳራሹ ይስቃል። ሰብለ ብቻ አትስቅም። ከዚህች በኋላ የቀረውን ንግግር ብትሰርዢውም ሐዲስ ዓለማየሁን አልበደልሽም።

አመፁ ደግሞ በፍጹም እንዳይወጣ። አበጀ በለውን መሪ አድርጎ የተነሣው ባላገር ፊታውራሪን ሲማርካቸው እኮ የፍቅሩ ታሪክ ነው የሚናገረው። በዘራቸው የሚኮሩ፣ ለልጃቸው የሚመጥን ባል ከምድር የጠፋባቸው ሰው በራሳቸው ገባር እጅ ይወድቃሉ። ያንን ያየ ተመልካች ሰብለ ያለ ባል ስትቀመጥ የከረመችው ለምን ዓይነት ክብር እንደሆነ ይገባዋል። አማካሪሽ ይህን ፖለቲካ ነው ካለ፣ የመጽሐፉን የመጀመሪያ መቶ ገጽ ብቻ አንብቦ ይሆናል (እንዳትነግሪው)።

ደግሞ ፊታውራሪን አታቅልያቸው። አስቂኝ ናቸው፣ ግን እሳቸው ራሳቸው አያውቁትም። ተዋናዩ አስቂኝ መሆናቸውን ካወቀ ነገሩ ተበላሸ።

ውል አዋቂ
የጨዋታው ፈረስ ከመጋለቡ በፊት አንድ ደረቅ ነገር ልጨምር። ለትምህርት ቤት ንድፍ መጻፍና ለገበያ ፊልም መሥራት አንድ አይደሉም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ያረፉት በ1996 ነው፤ ሥራው ገና ብዙ ዓመት ጥበቃ አለው። ወደ ፊልም መቀየር ደግሞ የባለመብቱን ፈቃድ የሚፈልግ ነገር ነው። ተመርቀሽ ፕሮዲዩሰር «በጣም ወደድነው» ያለሽ ቀን፣ ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት ወራሾቹ ዘንድ በጽሑፍ ሂዱ። በቃል «እሺ» የተባለ ፈቃድ ፊልሙ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ይረሳል።

ዓባይ ማዶ
አትንኩት ያልኩት ሰውዬ ነኝ። የገረዷን ነገር አንብቤ ትንሽ ተለሳልሻለሁ። ግን ሰብለን ታዋቂ ተዋናይት አትጫወታት፣ ፊቷን የማናውቃት ልጅ ትሁን። ይህን ካደረጋችሁ እመጣለሁ።

የሌሊት ታክሲ
እኔ የሚያሳስበኝ ፊታውራሪን ማን ይጫወታቸው የሚለው ነው። እህት የልብስ ክፍል፣ አንቺ ሁሉንም ለክተሽ አልብሰሻል፤ በርኖሱ ትከሻው ላይ የሚቀመጥለት ሰው ማን አለ?